የአበበ ቢቂላ መንኮራኩሮች

አበበ ቢቂላን የምናውቀው በሁለት ፎቶግራፍ ነው። አንደኛው የሮም ነው፤ በምሽት፣ በባዶ እግሩ፣ በችቦ ብርሃን ወደ ቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሲገሰግስ የተነሣው። ሁለተኛው የቶኪዮ ነው፤ አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ከጨረሰ በኋላ፣ ሌላው ሯጭ ተዝለፍልፎ በሚወድቅበት ሰዓት፣ እሱ ሳሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሣ ሰውነቱን የሚያፍታታበት። ቂርቆስ አካባቢ በገባሁባቸው ፀጉር አስተካካይ ቤቶች፣ ከመፍረሳቸው በፊት በነበሩት የካዛንቺስ ሻይ ቤቶች ግድግዳ ላይ፣ ከሁለቱ አንዱን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ሦስተኛ ፎቶግራፍም አለ። በዚህኛው ላይ አበበ ተቀምጧል። የተቀመጠበት ወንበር ጎማ አለው። በእጁ የያዘው ቀስት ነው፤ ዓይኑም ዒላማው ላይ ተተክሏል። ፊቱን ልብ ብሎ ላየው ያው የሮሙ ፊት ነው፤ ያው ዝም ያለ፣ የሚያስበውን ለማንም የማያዋይ ፊት። ይህንን ፎቶግራፍ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እዚህ የማነሣው አንድ ፊልም ይህንን ሦስተኛ ፎቶግራፍ ለመስቀል የሞከረ ነው። «አትሌቱ» ይባላል። ራስሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በጋራ አዘጋጅተውት በሰኔ 2001 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልሞች ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያው ፊልም ለመሆን በቃ። ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አልገባም። ራስሴላስ ከማዘጋጀቱ ሌላ አበበን ሆኖ የሚተውነውም እሱው ነው። አሠልጣኙን ኦኒ ኒስካነንን ደግሞ ዳግ ማልምበርግ የተባለ ስዊድናዊ ይጫወታቸዋል።

ፊልሙ በወጣ ሰሞን በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ክርክር አንድ ብቻ ነበር። «ይመስለዋል ወይስ አይመስለውም?» መቼም ስለ አንድ ታላቅ ሰው ፊልም ሲሠራ እኛ መጀመሪያ የምንይዘው መልክን ነው። አፍንጫው ትንሽ ሰፋ፣ ትከሻው ትንሽ ወፈረ፣ አረማመዱ እንዲህ አልነበረም ስንባባል ፊልሙ ያልቃል። ለነገሩ ራስሴላስ ይመስለዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት እንዲያውም ያስደነግጣል። ነገር ግን የዚህ ፊልም ቁም ነገር መልክ ላይ አይደለም። ቁም ነገሩ ታሪኩን የት እንደጀመረና የት እንዳቆመ ነው።

እስቲ የውድድር ዘመኑን እንቁጠረው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለደ። ክቡር ዘበኛ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ሮጠ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እኛ እዚህ ችቦ ስናበራ እነሱም እዚያ መንገዱን በችቦ አብርተውለት ነበር። የሙሶሊኒ ወታደሮች ነቅለው በወሰዱት በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው፣ ያን ጊዜ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ሩጫውን ሲጨርስ አበበ ከገባ አራት ደቂቃ አልፎት ነበር። በመካከሉ በአቴና፣ በኦሳካ፣ በኮሺትሴ አሸንፏል፤ በ1955 ዓ.ም. በቦስተን አምስተኛ ወጥቷል። ይህን የቦስተኑን ነገር ማንም አያነሣብንም፤ እኛም አናነሣውም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ በሕመም ምክንያት አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ትረካችን እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን «ከዚያም የመኪና አደጋ ደርሶበት» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጠቀልለዋለን። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ቮልሱ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ መኪናዋ ውስጥ ተይዞ አደረ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በሚባለው ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። እግሩ አልተመለሰም፤ እጁ ግን ተመለሰ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ የሚደረገውን የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ደግሞ አሸነፈ። የሞተው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜው 41 ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። ከሮም እስከ ሞቱ ያለው ዘመን 13 ዓመት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አራት ዓመት ተኩል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለፈ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ተወዳድሮ ያሸነፈውም ሜክሲኮ ላይ ወይም ቶኪዮ ላይ አይደለም፤ በኖርዌይ በረዶ ላይ ነው። ይህንን ከትረካው አውጥቶ የሚጥል ሰው የአበበን ታሪክ ከሦስት እጅ አንዱን ጎርዶ እንደሚያስቀር ይወቀው።

«አትሌቱ» የሚጀምረው ሌላው ከሚያቆምበት ነው። አበበ ወደ ተወለደበት አገር መኪናውን እየነዳ ሲሄድ እናገኘዋለን። በመንገድ ላይ አንድ ቄስ ያሳፍራል። በመካከሉ ሮም ትመጣለች፤ ቶኪዮ ትመጣለች፤ እነሱ ግን እንደ ትዝታ ብቅ ብለው ይመለሳሉ እንጂ የፊልሙ ጫፍ አይደሉም። ከዚያ ሌሊቱ፣ አደጋው፣ ሆስፒታሉ፣ ቀስቱ፣ በመጨረሻም ነጩ በረዶ። የፊልሙ ድፍረት ይህ ቅደም ተከተል ነው። ወርቁን መሐል ላይ አስቀምጦ በረዶውን መጨረሻ ላይ አመጣው። ተመልካቹ «አሁንስ አለቀለት» ሲል ፊልሙ ገና ግማሹ ነው።

መኪናዋንም አስቡ። ቮልሷ ከቶኪዮ ድል በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠችው ሽልማት ናት። በእግሩ ያገኛትን መኪና ሲነዳ እግሩን አጣ። እንዲህ ያለውን ነገር የልብ ወለድ ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛው» እንለው ነበር። አዘጋጆቹ ይህን ሲያሳዩን ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ መኪናዋን ብቻ ለረጅም ጊዜ አሳዩን። ይህ ጨዋነት ነው፤ በኛ አገር ፊልሞች ብዙ የማናገኘው ጨዋነት።

የፊልሙን የሆስፒታል ክፍል የሚነቅፉ አሉ፤ ቀርፋፋ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ቀርፋፋ ነው። ካዛንቺስ በአንድ ወዳጄ ቤት ፊልሙን በዲቪዲ ስናይ ከተሰበሰብነው ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሮም ካለፈች በኋላ ተነሥተው ሄዱ። «የሚሮጥበት አበቃ አይደል?» ነበር ያሉት። አልፈረድኩባቸውም። በትምህርት ቤት የተማሩት አበበ ይሮጥ ነበር እንጂ ተቀምጦ አያውቅም። ነገር ግን አንድ ሰው ዓለምን ሁሉ በእግሩ ካስከተለ በኋላ መቀመጥን እንደ ሕፃን እንደገና ሲማር በፍጥነት ሊታይ አይችልም። ይህን ክፍል ያፈጠነ አዘጋጅ ዋሽቷል ማለት ነው።

ለዚያ ቀርፋፋነት ታላቅ አባት አለው። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ፊልም በአበበ ላይ ከተነሡት ምስሎች ሁሉ ትልቁ ነው ብል አልተጋነነም። ኢቺካዋ ማራቶኑን ከፊልሙ መጨረሻ አካባቢ አደረገው። ሌሎቹ ሯጮች ውኃ ሲጠጡ፣ ቆመው ሲተነፍሱ፣ የቆሰለ እግራቸውን ሲያዩ ያሳየናል። ከዚያ የረጅም ርቀት ሌንሱን አበበ ፊት ላይ ያነጣጥርና አይነቅለውም። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ላብ ብቻ። ያ «ምንም» እስኪያስጨንቅ ድረስ ያቆየዋል። የጃፓን ባለ ሥልጣናት ፊልሙን ሲያዩ አልወደዱትም፤ የፈለጉት የድል መዝገብ ነበር፤ የቀረበላቸው ግን የሰው ፊት ሆነ። የዛሬው የፊልም ዓለም ይህንን ፊልም ከምርጦቹ ይቆጥረዋል።

ይኸው ፊልም የሚከፈተው በፀሐይ መውጣትና ቤት በሚያፈርስ የብረት ኳስ ነው። ቶኪዮ ለኦሊምፒክ ስትል አሮጌ ሰፈሮቿን ታፈርስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ነዋሪዎቹም ወደየዳርቻው ሲበተኑ፣ ያ ምስል ከፊቴ አልጠፋ ብሎኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ ኳስ ሳይሆን ኤክስካቫተር ነበር እንጂ። ካዛንቺስ ስሟ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበር። ወዳጄ ዲቪዲውን ያሳየን ቤት ዛሬ የለም። የሰፈሩን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ላቆየው፤ ወደ ፊልሙ ልመለስ።

የ«አትሌቱ» ትልቁ ችግርም ከኢቺካዋ የሚመነጭ ነው። ፊልሙ በዘመኑ የተነሡትን የሮምና የቶኪዮ ምስሎች ከተዋናዩ ጋር ያቀላቅላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እውነተኛው ሩጫ እያለ የውሸት ሩጫ መሥራት ምን ያደርጋል? ነገር ግን እውነተኛው አበበ ብቅ ባለ ቁጥር ራስሴላስ ይጠፋል። ደክሞ የገነባውን ሰው የሃምሳ ዓመት አሮጌ ፊልም በሦስት ሴኮንድ ያፈርስበታል። ተዋናዩ በጣም የሚያሳምነን ምስል ባልተቀረጸበት ቦታ ነው፤ መኪናው ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ። እዚያ የሚወዳደረው እውነተኛ አበበ የለማ!

ቄሱንም ልንካቸው። መንገድ ላይ የተሳፈሩት ቄስ ከሰውነት ይልቅ ለምልክትነት የተቀመጡ ይመስለኛል። የኛ አገር ታሪክ በውጭ ተመልካች ፊት ሲቀርብ አንድ ቄስ፣ አንድ ተራራና አንድ የጧት ጭጋግ ካልታከለበት የማይበቃ የሚመስላቸው አሉ። ተራራው ውብ ነው፤ አልክድም። የአበበ ሕይወት ግን የተራራ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈር ሕይወትም ነበር፤ የወታደር ሕይወት። የክቡር ዘበኛ ባልደረቦቹ፣ የደመወዙ ነገር፣ የሰልፉ ሜዳ፣ ቂርቆስ ውስጥ ያለው የአዲስ አበባ ስታዲየምና ጩኸቱ ፊልሙ ውስጥ በሚገባቸው መጠን የሉም። ከሮም ሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ አበበም ከታሰሩት መካከል ነበር፤ በኋላ ተለቀቀ። በመስከረም በአበባ የተቀበልነውን ሰው በታኅሣሥ አሰርነው። ከዚህ የበለጠ ድራማ የት ይገኛል? ፊልሙ ግን ሰውየውን ብቻውን ማሳየት ስለመረጠ እንዲህ ዓይነቱን ዓለም ዳር ላይ ተወው። ብቸኝነቱ የፊልሙ ውበት ነው፤ ጠባብነቱም እሱው ነው።

ከሩጫ ወጣ ያለ ምሳሌ ላምጣ። በስዊድን፣ በዴንማርክ፣ በእንግሊዝና በፖላንድ «ስፒድዌይ» የሚሉት የሞተር ብስክሌት ውድድር አለ። አራት ነጂዎች አፈርማ ትራክ ላይ አራት ዙር ይነዳሉ፤ ወደ ግራ ብቻ ይታጠፋሉ፤ ሞተሩ አንድ ማርሽ አለው፤ ፍሬን የለውም። ተሳስቼ አይደለም፤ ፍሬን የለውም። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ ነው ፍጥነት የሚቀንሱት። እንዲህ ባለው ጨዋታ ወድቆ አከርካሪውን የሚሰበር ሰው ብርቅ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስዊድናዊው ፔር ዮንሰን በ1994 ፖላንድ ውስጥ ቶሩን ለምትባል ከተማ ክለብ ሲወዳደር ወድቆ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም። ቶሩኖች ምን አደረጉ? በ2009 አዲሱን የስፒድዌይ ስታዲየማቸውን ሲከፍቱ የስታዲየሙን አድራሻ በፔር ዮንሰን ስም የተጠራ መንገድ አደረጉት። ስታዲየሙን ራሱን ደግሞ በ1970 እሽቅድድም ላይ ወድቆ በሞተው በማሪያን ሮዜ ስም ሰየሙት። ሰዎቹ የሚያከብሩት ያሸነፈበትን ቀን ብቻ አይደለም፤ የወደቀበትንም ቀን የጨዋታው አንድ ክፍል አድርገው ይዘውታል።

እኛም ለአበበ ስታዲየም ሰይመንለታል፤ ደግ ነው። ልዩነቱ ያለው አሰያየሙ ላይ ሳይሆን ትዝታው ላይ ነው። የኛው ስም የሮጠውን አበበ ብቻ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። የአበበን የመጨረሻ ዓመታት የማናነሣው በሐዘን ብዛት ብቻ አይመስለኝም። በኀፍረትም ነው። እግሩ ያልታዘዘውን ሰው ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለረጅም ዘመን የኖርንበት ልማድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። አበበንም በትረካችን ጓዳ አስገባነው። ምክንያትም አላጣንለትም። ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ማለቱ በየጊዜው ይጠቀሳል። እኛ ቃሉን የወሰድነው እንደ መዝጊያ ነው፤ «ፈቃዱ ነው» ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። እሱ ግን እንዲያ ካለ በኋላ ቀስት አነሣ። ፈቃዱ ነው ብሎ ቁጭ ያለ ሰው ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ከውሾች ጋር በበረዶ ላይ አይገሰግስም።

ሌሎቹ ሥራዎች ከዚህ አንጻር ሲታዩ ምን ይመስላሉ? «ማራቶን ማን» የተባለው የ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊልም የአበበን ሩጫ ያሳየናል፤ ለጀግናው ሕልም ማድመቂያ እንጂ ለአበበ ብሎ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕይወት ላይ የተሠራው «ኢንዱራንስ» ልብ የሚነካ ፊልም ነው፤ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይጫወትበታል። ነገር ግን ከአርሲ ገበሬ ቤት ተነሥቶ አትላንታ ወርቅ ላይ የሚደርስ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ወርቁ ሲመጣ ያልቃል። ሩጫውን በሪባን የሚጨርስ ፊልም ሁሉ እንዲሁ ነው።

ከመጻሕፍቱ የአበበ ልጅ ጽጌ አበበ በ1996 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመችው ይቀድማል፤ ርእሱ ድልንና መከራን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ለልጅ ያ ዘመን መከራ ነው፤ ማንም ሊከራከራት አይችልም። እኛ ሌሎቻችን ግን ያንኑ ቃል ስንዋስ መጠንቀቅ ያለብን ይመስለኛል። አደጋው መከራ ነው። ቀስቱ መከራ ነው እንዴ? በረዶውስ? ኋላ ፈረንጆቹ ፖል ራምባሊ በ2006፣ ቲም ጁዳ በ2008 በየፊናቸው ጽፈዋል፤ ሁለቱም ርእሳቸው ላይ ያወጡት ባዶ እግሩን ነው። ገበያው ምን እንደሚገዛ ያውቃሉና።

ስለ ባዶ እግር ካነሣን ዘንድ፣ ነገሩ ተአምርም ድህነትም አልነበረም። የተሰጠው አዲስ ጫማ እግሩን ስላሳመመው፣ በባዶ እግር መሮጥም የለመደው ስለነበር አወለቀው። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ የበለጠ ፈጠነ። እኛና ዓለም ግን ጫማ ያደረገውን አበበ ያህል እንኳ ባዶ እግሩን የሆነውን አልጠገብንም። ጫማ ማድረጉን ገና በወጉ ያልተቀበለ ትረካ ተሽከርካሪ ወንበሩን እንዴት ይቀበል?

ሌላም የምናልፈው ነገር አለ። አበበ በሮም ካሸነፈ ልክ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ አራት መቶ ያህል አካል ጉዳተኞች ጨዋታ ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ያ ነው። የጨዋታው ምንጭ ሉድቪግ ጉትማን የተባሉት ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አሥራ ስድስት ታካሚዎችን በቀስት ያወዳደሩበት ቀን ነው። ሆስፒታሉ ስቶክ ማንድቪል ነው። አበበ በአልጋ ተይዞ የገባው እዚያ ነው፤ ቀስት ያነሣውም እዚያ ነው። እንግዲህ ሰውየው የሁለቱም ኦሊምፒኮች ሰው ነው። አንደኛውን በእግሩ፣ ሁለተኛውን በእጁ ነካው። ፊልም ሠሪ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ከሮም የማሳየው ሁለት ሌሊት ይሆን ነበር፤ ችቦ የበራበትን፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ወንበራቸውን እየገፉ የገቡትን። «አትሌቱ» ይህን አልተጠቀመበትም።

ጉዳዩ የድሮ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ወንድዬ ፍቅሬ በለንደን ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ብር አገኘ፤ ለአገሩ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች፤ ከተማዋ ቶኪዮ ናት፤ አበበ ጫማ አድርጎ ያሸነፈባት። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ትዕግስት ወርቁን ደገመችው፤ ዓይነ ስውሯ ያየሽ ጌቴም ከመሪዋ ጋር ሮጣ በ1,500 ሜትር ወርቅ አገኘች። የእነዚህን ሰዎች ፎቶግራፍ በየትኛው ፀጉር ቤት አየሁት? መስቀል አደባባይ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቲሸርት ለብሶ ይሮጣል፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የከተማይቱ ትልቅ በዓል ሆኗል፤ ስለ ጀግና ሲወራ ግን ወሬው ከሮም ወደ ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ወደ ምሩፅ፣ ወደ ኃይሌና ወደ ደራርቱ ይሄዳል። በስቶክ ማንድቪል አያልፍም።

ለዚህ ነው ጉድለቱን ሁሉ ይዞም «አትሌቱ» እንደገና ሊታይ ይገባዋል የምለው። የቄሱ ምልክትነት ይቅር፤ የተራራው ብዛት ይቅር። ከመሐል ቁጭ ብሎ የነበረውን ሰው ወደ ፊት አምጥቶ «ይህም ውድድር ነው» ያለን ፊልም ከሱ በቀር አላየሁም። የበረዶው ትዕይንት ሲመጣ ተመልካቹ ለአበበ ማዘኑን ትቶ ይቀድም ይሆን ወይ ብሎ መጨነቅ ይጀምራል። ያዘኑለትን ሰው ይቀድማል ወይ ብሎ መጨነቅ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሲኒማ ያን ካደረገ ሥራውን ሠርቷል።

አንድ ትዕይንት ግን ቀርቶበታል። እሱን የሚሠራ ሰው ቢገኝ ቀኑን ልንገረው። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ከሮም ልክ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደገና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ቦታው ሙኒክ ነው። የእስራኤል አትሌቶች ከተገደሉ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው። አበበ ለጨዋታው በክብር እንግድነት ተጋብዞ በወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨብጭቦለታል። ማራቶኑን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ያሸንፋል። ሾርተር ሄዶ የአበበን እጅ ይጨብጣል። ማሞ ወልዴ፣ በአርባ ዓመቱ፣ ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል።